በባሕር ዳር ምሽት ከጓደኞች ጋር ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97.5 ሜትር ነው። ይህን ርቀት ባሕር ዳር ላይ በቀን መሮጥ በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት ከባድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ አስፋልቱም ከታች ይጋረፋል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ መኪናው ይቀንሳል፣ ጓደኛም ከሥራ ወጥቶ ይገኛል።

ምሽት ያልተዘጋጀ ሯጭን አይምርም። በቀን ዓይን አይቶ የሚያልፈው ጉድጓድ ማታ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል። ሩጫው የሚጠይቀው ጉልበት ከማንኛውም ግማሽ ማራቶን አይለይም፤ የሚለየው መንገዱ፣ መብራቱና አብሮ መቆየቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ሥራም ሩጫው ሳይጀመር በቀን ብርሃን የሚያልቅ ነው።

1. ቀኑንና ሰዓቱን መቁረጥ

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ምሽቱ ቀዝቃዛ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይቅሩ፤ ጎርፍ የቦይ ክዳን ያነሳል፣ ውሃ የሞላ ጉድጓድ በባትሪ ብርሃን ሲታይ ደህና አስፋልት ይመስላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መሮጥ ግድ ከሆነ መነሻውን በአንድ ሰዓት አዘግዩ፤ ቀን ሙሉ የጋለው አስፋልት ከጀንበር በኋላም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም።

ጀንበር ባሕር ዳር ላይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት በየትኛውም ወር ያስኬዳል። ከ2 ሰዓት ተኩል የማያልፍ ቡድን 4 ሰዓት ላይ ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ብዙ ሯጭ ከንጋቱ 11 ሰዓት መሮጥ ስለለመደ «ለምን ሌሊቱን አናደርገውም» የሚል አይጠፋም። እኛ ምሽቱን እንመርጣለን። ምሽት ላይ ሱቅ ክፍት ነው፣ የሰው ዓይን አለ፣ አንድ ሰው ቢጎዳ ባጃጅ ይገኛል። ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ግን መንገዱን የያዘው የውሻ መንጋ ነው፤ ከከተማው ዳር ደግሞ ጅብ ይገባል።

ጨረቃንም ቁጠሩ። ሙሉ ጨረቃ ጀንበር ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በየምሽቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየች ነው የምትወጣው። ስለዚህ ምርጡ ምሽት ከሙሉ ጨረቃ ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ሙሉዋ ምሽት ያለው ነው፤ ስትነሱ ጨረቃዋ ሰማይ ላይ ናት። የሂጅራ አቆጣጠር የሚከተል ጓደኛ ካለ ከወሩ 12ኛው እስከ 14ኛው ምሽት ማለት ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ልዩነቱ ይገባችኋል።

2. ማሳወቅ

ይህ የማይዘለል ደረጃ ነው። የሰዓት እላፊ ገደብ ካለ ወይም የባጃጅ እንቅስቃሴ በጊዜ የሚቆም ከሆነ ሩጫው የለም፤ በንጋት ብርሃን ይደረግ። ገደብ በሌለበት ጊዜም ቢሆን ከአምስት ቀን በፊት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በዙሩ አቅራቢያ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ሰው ሄዶ ይናገር፦ ስንት ሰው እንደሚሮጥ፣ በየትኛው መንገድ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። በሩጫው ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደገና ደውላችሁ ሁኔታው እንዳልተለወጠ አረጋግጡ።

ማታ በጨለማ በቡድን የሚሮጥ ሰው ሲያዩት የሚያስደነግጥ መሆኑን አትርሱ። ሁሉም ሰው መታወቂያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይያዝ። ጥበቃ ወይም ፖሊስ «ቁም» ካለ ወዲያው ወደ እርምጃ መውረድ፣ የግንባር ባትሪን ወደ መሬት ማዞር፣ እጅን ማሳየት፣ ከዚያ መሪው ብቻ ይናገር።

3. መንገዱ

ስህተት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ሰው ግማሽ ማራቶን ሲባል ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ መድረስ ይመኛል፦ ወደ ዘጌ፣ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ወደ ዘንዘልማ። ማታ አይሆንም። እነዚህ መንገዶች ከከተማው እንደወጡ መብራት የላቸውም፣ የጭነት መኪና ዳሩን ይዞ ያልፋል፣ የተጎዳ ሰው ከመሃሉ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል። የበዛዊት ኮረብታ ዳገትም በቀን ለልምምድ ግሩም ነው፤ ማታ ግን ቁልቁለቱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይበላል።

የሐይቁን ዳር በተመለከተ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር ይገባል። መብራት በሌለበት፣ ደንገል ባለበት ዳርቻና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ከጀንበር በኋላ አትሩጡ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ማታ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። አደገኛ የሚሆነው ሰው በእሱና በውሃው መካከል ሲገባበት ነው፤ በአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ማንም ሯጭ ደክሞ ሳለ አያመልጠውም። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሰፊና ለመሮጥ የሚጋብዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ማታ የዙሩ አካል ለማድረግ ፖሊስን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ከድልድዩ በፊት ታጠፉ።

የሚሻለው ከተማው ውስጥ፣ መብራት ባለበት ሰፊ ጎዳና ላይ ተዟዙሮ የሚመለስ አጭር ዙር ነው። ዘንባባ የተሰለፈባቸው ዋና ዋና ጎዳናዎችና በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ለዚህ ይመቻሉ። ዙሩ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን፦

አምስት ዙር ከሆነ አንዱ 4,219.5 ሜትር።
አራት ዙር ከሆነ አንዱ 5,274.4 ሜትር።
ሦስት ዙር ከሆነ 7,032.5 ሜትር፤ ይህ ለማታ ረዝሟል፣ አንመክረውም።

አምስት ዙር አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ውሃ አንድ ቦታ ይበቃል፣ የደከመ ሰው መነሻው ላይ ይቀራል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ እያንዳንዱን ጉድጓድ እግር ያውቀዋል፣ ፈጣኑና ዘገምተኛውም አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ።

አቅጣጫው ወደ ግራ የሚታጠፍ ይሁን። አገራችን መኪና በቀኝ ስለሚነዳ ሯጭ የግራውን ጠርዝ ይዞ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየ ነው የሚሮጠው። የግራ ጠርዝ ይዛችሁ ሁልጊዜ ወደ ግራ ከታጠፋችሁ ዋናውን መንገድ አንድም ጊዜ ማቋረጥ አይኖርባችሁም፤ የምታቋርጡት ከውስጥ የሚወጡ ትንንሽ መንገዶችን ብቻ ነው። በቀኝ የሚዞር ቡድን ግን በየመታጠፊያው መንገድ ሊያቋርጥ ይገደዳል።

ዙሩን ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ በቀን፣ በእግር፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ፦ ክዳን የሌለው ቦይ፣ የፍጥነት መግቻ፣ የዛፍ ሥር ያነሳው ንጣፍ፣ ኮብልስቶን የሚጀምርበትና የሚያልቅበት። ሁለተኛ ማታ፣ ሩጫው በሚደረግበት ሰዓትና በሳምንቱ በዚያው ቀን፦ የትኛው መብራት አይበራም፣ ውሻ የት ይተኛል፣ ባጃጅ የት ይቆማል፣ ሰው ከየትኛው ቤት ጠጥቶ ይወጣል። ከ200 ሜትር በላይ ጨለማ የሆነ ቦታ ካለ ዙሩን ለውጡ። የማይለወጠውን ጉድጓድ ከአምስት እርምጃ በፊት ጀምሮ በኖራ ምልክት አድርጉበት፤ ነጭ ኖራ በባትሪ ብርሃን ደህና ይታያል፣ ዝናብም ያጥበዋል።

4. ዙሩን በብስክሌት መለካት

የስልክ ሳተላይት መለኪያ በሕንፃና በዛፍ መካከል ይሳሳታል፤ በመቶ አንድ ወይም ሁለት ሊያዛባ ይችላል። ከ21 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ከ200 እስከ 400 ሜትር ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የማይገኝበት ሰፈር ስለሌለ በጎማ ለኩት።

ጎማውን በደንብ ንፉ። የአየር መሙያውን አፍ ወደ መሬት አድርጋችሁ መሬቱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ብስክሌቱን ቀጥ አድርጋችሁ ሰው ተቀምጦበት አሥር ጊዜ ጎማው እስኪዞር ግፉ፤ ርቀቱን በሜትር ለክታችሁ ለአሥር አካፍሉ። ለምሳሌ 20 ሜትር ከ80 ሳንቲም ከመጣ አንዱ ዙረት 2.08 ሜትር ነው፤ 4,219.5 ሜትር ለመሙላት 2,029 ዙረት ያስፈልጋል። ሰው ተቀምጦበት መለካት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ክብደት ሲጫነው ጎማው ስለሚረግብ የዙረቱ ርዝመት ያጥራል።

ከዚያ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲም ርቃችሁ፣ ሯጭ በሚሮጥበት መስመር ንዱት። የአየር መሙያው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ይቆጥራል፣ በየመቶው ወረቀት ላይ ጭረት ያሰምራል። የተገኘው ከስልኩ ጋር ከመቶ ሜትር በላይ ከተለያየ ቆጠራው ስለተዘለለ ይሆናል፤ ድገሙት።

ከተማው ውስጥ ልክ 4,219.5 የሆነ ዙር አይገኝም። ቢያንስ አምስቱን ዙር ደምሩና የጎደለውን በደርሶ መልስ ሙሉ። ዙሩ 4,100 ሜትር ቢሆን አምስቱ 20,500 ይሆናል፤ 597.5 ሜትር ይጎድላል። ከመነሻው 298.75 ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱና ዙሩን ጀምሩ። ይህን ተጨማሪ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ አድርጉት፤ መጨረሻ ላይ «ሦስት መቶ ሜትር ሂዱና ተመለሱ» የሚባል ሰው አይወደውም፣ ቡድኑም በዚያ ሰዓት ተበታትኗል።

5. መብራትና ልብስ

የመንገድ መብራት ቢኖርም እያንዳንዱ ሰው የራሱን ብርሃን ይያዝ። ከ150 እስከ 250 ሉመን ያለው የግንባር ባትሪ ይበቃል። ገበያ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሉመን የተጻፈበት ርካሽ ባትሪ ሞልቷል፤ ቁጥሩን አትመኑ፣ ፈትኑት። በዋዜማው ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊት ሙሉ ቻርጅ አድርጉና ቤት ውስጥ ሦስት ሰዓት አብርታችሁ ተዉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የደበዘዘ ባትሪ አምስተኛው ዙር ላይ ይተዋችኋል። ቻርጁንም ለዕለቱ አታቆዩ፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል።

ስለ አሰራሩ አንድ ነገር፦ ግንባር ላይ ያለ ብርሃን ከዓይን ጋር እኩል ስለሚመጣ ጉድጓዱን ጥላ አልባ አድርጎ ጠፍጣፋ ያስመስለዋል። ወገብ ላይ ወይም ደረት ላይ የታሰረ ብርሃን ግን ዝቅ ብሎ ስለሚመታ ጠጠር እንኳ ረጅም ጥላ ይጥላል። ባትሪው ቀበቶው ከረዘመ ወገብ ላይ እሰሩት። የሚቻል ከሆነ ከቡድኑ የፊተኛው ሰው የወገብ፣ ቀሪው የግንባር ይያዝ። ብርሃኑ ከፊት ስድስት ወይም ሰባት ሜትር ላይ እንዲያርፍ ዝቅ አድርጉት። ስታወሩ ወደ ጓደኛችሁ ፊት አትዙሩ፤ ዓይን ከጨለማ ጋር እንደገና እስኪላመድ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል።

ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅሙን መብራት ሲለቅ ያሳውራል። አፉ ወደፊት የወጣ ኮፍያ አድርጉ፤ መኪናው ሲመጣ አንገትን ትንሽ ደፋ አድርጎ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ማየት ይበቃል።

ለመታየት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለሁሉም። ከሰደርያው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አንጸባራቂ ጨርቅ ነው፤ ሾፌር ከሩቅ የሚለየው የሚንቀሳቀስ እግርን ነውና። የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አንጸባራቂ ጥቅል ገዝታችሁ አራት ሳንቲም ስፋት ያለውን በላስቲክ ላይ ስፉት። አንጸባራቂ ብርሃን ሲመታው ብቻ እንደሚታይ አስታውሱ፤ መብራቱ የማይሠራ ባጃጅ አያየውም። ስለዚህ የመጨረሻው ሰው ጀርባ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ የብስክሌት መብራት ይሁን።

ጫማ፣ ቢያንስ 60 ኪሎ ሜትር የተሮጠበት፤ አዲስ አይሁን። ብብት፣ በጭን መካከልና የጡት ጫፍ ላይ ቫዝሊን። ከመነሻው በፊት ትንኝ የሚያባርር ቅባት እጅና እግር ላይ ቀቡ፤ ባሕር ዳር ወባ አለ፣ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝም የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስትሮጡ እምብዛም አትደርስባችሁም፤ ስትቆሙ፣ ስታፍታቱና ስታወሩ ግን ትደርሳለች። ለዚህ ረጅም እጅጌ ሹራብና ሱሪ መነሻው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችሁ።

6. የስምንት ሳምንት ልምምድ

ከዚህ በፊት ስምንት ኪሎ ሜትር ሳይቆም የሚሮጥ ሰው በስምንት ሳምንት ይደርሳል። ሳምንታዊው ረጅም ሩጫ በቅደም ተከተል 8፣ 10፣ 12፣ 9፣ 14፣ 16፣ 18፣ 10 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ። ከረጅሞቹ መካከል ሦስቱን፣ 12፣ 14 እና 16ን፣ ማታ በዚያው ዙር ላይ አድርጓቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጓደኛ ባሕር ዳር ዝቅ ስለሚል፣ 1,800 ሜትር ገደማ ነውና፣ ትንፋሹ ይቀለዋል፤ ሙቀቱ ግን ሊያስቸግረው ይችላል። ከቆላ ከተማ የሚመጣ ሰው ደግሞ በኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ዘግይቶ ይጀምር።

7. ሥራ መከፋፈል

ለመጀመሪያ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። ማንም ብቻውን አይሮጥም፤ ፍጥነት የሚለያይ ከሆነ ለሁለት ተከፈሉ፣ አንዱም ከሦስት ሰው አይነስ። ሥራው እንዲህ ይከፈል፦

መሪ፦ ሰዓት ይይዛል፣ ጉድጓድ ሲያይ እጁን ዝቅ አድርጎ እያሳየ «ጉድጓድ!» ይላል፤ የኋላው ያስተላልፋል።

ኋላ ጠባቂ፦ ከቡድኑ ጠንካራው ሰው ይሁን። ብዙ ጊዜ ጠንካራው ፊት መሆን ይፈልጋል፤ ያ ስህተት ነው። ኋላ ያለው ሰው የሚዘገየውን አጅቦ ሊመልሰው፣ ካስፈለገም ተሸክሞ ሊያወጣው ይችላል።

ብስክሌተኛ፦ የማይሮጥ ወይም ጉልበቱን ያመመው ጓደኛ። ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት አድርጎ ውሃ፣ ስልክ፣ ፋሻና ፊሽካ ይይዛል። በኋለኛው ሰውና በባጃጆቹ መካከል ይሆናል።

የውሃ ሰው፦ መነሻው ላይ ተቀምጦ በየዙሩ ሰው ይቆጥራል፣ ሰዓት ይጽፋል። ስምና ዙር የተጻፈበት ወረቀት ይኑረው። አንድ ሰው ከተጠበቀው ከአምስት ደቂቃ በላይ ከዘገየ ብስክሌተኛውን ይልካል።

ሁሉም የሚያውቀው ቁጥር፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከዙሩ የሚወስደውን አጭር መንገድ አስቀድማችሁ እዩ፤ ከሰፈራችሁ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚቀርብ ከሆነም እሱን።

8. ምግብና ውሃ

ዋናው ምግብ ከሩጫው አራት ሰዓት በፊት፣ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ድንች። ሽሮና ባቄላ ነክ ነገር ሆድ ይነፋል፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ያቃጥላል፣ ጥሬ ሥጋና የተጠበሰ ዓሣ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ዓሣው ማታ ስትጨርሱ ይደርሳል። ከ10 ሰዓት በኋላ ቡና አትጠጡ፤ ሩጫው ራሱ እንቅልፍ ያዘገያል፣ ቡና ሲጨመርበት ሌሊቱ ይነጋል።

11 ሰዓት ተኩል ላይ በሶ። አንድ ሰው በግማሽ ሊትር ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። በሶው በደንብ የተነፋ ይሁን፣ ሸካራው ሆድ ይቆርጣል። በጨርቅ ወይም በወንፊት አሳልፋችሁ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ደህና አድርጋችሁ በጥብጡት፤ የተቋጠረ ዱቄት ከታች የሚቀመጥ ከሆነ እንደገና።

ጾም ካለ፦ ዕለቱን ሙሉ ሳይበሉ ውለው ማታ ግማሽ ማራቶን መሮጥ አይገባም። ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ጓደኛ ካለ ሩጫውን ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርጉለት። ረመዳን ላይ ደግሞ ይህን ርቀት ተዉት፤ በአፍጥር ላይ የተበላ ምግብ ሳይንሸራሸር መነሳት ሆድ ያስጨንቃል፣ ቀን የጎደለውም ውሃ በሁለት ሰዓት አይሞላም።

በሩጫ ላይ በሰዓት ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በየዙሩ አንድ ሲኒ ሳይሆን አንድ ብርጭቆ፣ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ቆም ብሎ መጠጣት። ውሃ ብቻ በላይ በላይ መጠጣትም ጉዳት አለው፤ የደም ጨው ይቀንሳል፣ ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል። ስለዚህ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እንዲህ አዘጋጁ፦ አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ሦስተኛው ዙር ላይ ግማሽ ሙዝ ወይም ሦስት ቴምር።

ጠረጴዛውን ከመንገድ መብራት ሥር አታድርጉ። በሐይቁ ዳር ከተማ መብራት ሥር ነፍሳት ደመና ሆነው ይሰበሰባሉ፤ ብርጭቆው ውስጥ ይገባሉ፣ ዓይንና አፍ ይሞላሉ። ከመብራቱ 15 ሜትር ርቆ፣ ብርጭቆውን በጨርቅ ከድኖ፣ አንድ ትንሽ ባትሪ መሬት ላይ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ነፍሳቱ የሚያስቸግሩት ሰው ነጭ መነጽር ያድርግ።

9. ሩጫው

ከ20 ደቂቃ በፊት ተሰብሰቡ። መሪው ስም ይጥራ፣ ባትሪ ይፈትሽ። አሥር ደቂቃ በቀስታ መሮጥና እግር ማወዛወዝ ይበቃል፤ ቆሞ ጡንቻ ማሳሳቡን ለመጨረሻ ተዉት።

ፍጥነት እንዲህ ይሰላል፦ በ1 ሰዓት ከ45 ለመጨረስ በኪሎ ሜትር 4፡59፤ በ2 ሰዓት 5፡41፤ በ2 ሰዓት ከ15 6፡24፤ በ2 ሰዓት ተኩል 7፡07። ከቀን ፍጥነታችሁ ላይ በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጨምሩ፤ ማታ እግር ከመሬት የሚነሳው በጥንቃቄ ስለሆነ እርምጃ ያጥራል።

የመጀመሪያውን ዙር ከታሰበው ፍጥነት ዘግይታችሁ ሩጡ። በጨለማ ሩቅ ያለው ነገር ስለማይታይ ፍጥነትን በዓይን መገመት አይቻልም፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጨዋታው ደርቷል፣ ቡድኑ ሳያውቀው ይፈጥናል። መድኃኒቱ መሪው በየኪሎ ሜትሩ ሰዓቱን ጮክ ብሎ መጥራቱ ነው። በአንድ መስመር ሩጡ፣ መንገዱ ሰፊ ከሆነ ሁለት ሁለት፤ ከፊተኛው ሰው ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፤ ቀርባችሁ ከሮጣችሁ የእሱ ገላ ጉድጓዱን ይጋርድባችኋል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ዙር መመዘኛ ማውራት መቻል ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ሰው ፈጥኗል።

አራተኛው ዙር ላይ ጸጥታ ይመጣል። ሰው እግሩን መጎተት ይጀምራል፣ መሰናከልም የሚበዛው እዚህ ነው፦ ጉልበት ዝቅ ሲል ጫማ የፍጥነት መግቻውን ይነካል። መሪው ከእያንዳንዱ መግቻ በፊት «እግር!» ብሎ ይጥራ። መፍጠን የሚፈልግ ሰው አምስተኛው ዙር እስኪደርስ ይታገስ፤ ያኔም ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ብቻውን ማንም አይሄድም።

10. ምን ሊበላሽ ይችላል

ውሻ። ሩጫ አቁሙ፣ አንድ ላይ ተጠጉ፣ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ በዝግታ ተራመዱ። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ምሽት ሆስፒታል ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ጊዜ አይሰጥም፣ «ውሻው የሰፈር ነው» የሚለው ምክንያት አይሆንም።

መብራት መጥፋት። መሪው ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ወደ እርምጃ ይወርዳል፣ ሰው ይቆጠራል። ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ተራመዱ። ጨረቃ ካለችና ባትሪው ሁሉ ከበራ ቀጥሉ፤ ካልሆነ ባጃጁም መብራት የሌለው ሊሆን ስለሚችል በእርምጃ ወደ መነሻው ተመለሱ።

የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት። «ይሞቃልና ይተወኛል» የሚል ሰው ይሰማል፤ ሲሞቅ ስሜቱ ይጠፋል እንጂ ጉዳቱ አይጠፋም። እዚያው ያቁም፣ በባጃጅ ወደ መነሻው ይምጣ፣ በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፣ እግሩን ከፍ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ 15 ደቂቃ ያድርግበት። አራት እርምጃ እግሩን ረግጦ መሄድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል።

የጎን ውጋት። ፍጥነት መቀነስ፣ በረጅሙ ወደ ውጭ መተንፈስ፣ የሚወጋውን ቦታ በእጅ ጫን ማድረግ። ውሃ በአንድ ጊዜ መጋት ሊያመጣው ይችላል።

የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የተደናበረ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ያቃተው፣ ደረቱን የሚያመው ሰው ካለ ሩጫው ለሁሉም አብቅቷል። 907 ይደወል፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይጥራ።

11. ከጨረሳችሁ በኋላ

አትቀመጡ። አሥር ደቂቃ ተራመዱ፤ ድንገት ሲቆም ደም እግር ላይ ይቀራል፣ ሰው ራሱን ይስታል። ላብ የራሰውን ማልያ ወዲያው ቀይሩ፣ የምሽቱ አየር በእርጥብ ልብስ ላይ ያንቀጠቅጣል። ረጅም እጅጌውን ልበሱ፣ ከዚያ ታፋንና ባትን በየተራ 30 ሰከንድ ያህል ሳብ አድርጉ።

የውሃው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ስም ይጥራ። ቤት መድረሱን መልእክት ያልላከ ሰው ካለ ይደወልለት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨውና ስታርች ያለው ምግብ፦ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ለጊዜው፣ ከዚያ ዓሣ ጉላሽ ወይም ጥብስ ዓሣ በእንጀራ። ቢራ የሚፈልግ መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ውሃ ይጠጣ።

በማግስቱ ያልለቀቀውን የኖራ ምልክት ሁሉ አጥፉ፣ የወዳደቀ ፕላስቲክ ጠርሙስ ልቀሙ፤ ዝናብ ሲመጣ ቦይ ይዞት ወደ ጣና ነው የሚያስገባው። ከዚያ 20 ደቂቃ እርምጃ። ሁለት ቀን አትሩጡ፤ ታፋ ላይ ያለው ሕመም ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይበረታል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አምስት ኪሎ ሜትር በቀስታ፣ ፈጠን ያለ ልምምድ ግን ከአሥር ቀን በፊት አይሆንም። የዙሩን ወረቀት አትጣሉት፦ በየዙሩ የተጻፈው ሰዓትና የጉድጓዶቹ ዝርዝር ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል፤ ከክረምት በኋላ ግን መንገዱ ስለሚለወጥ ዙሩን እንደገና በቀንም በማታም እዩት።